ከቁስቋም እስከ ዊንጌት፤ እታለም ታክሲ የተሳፈረችበት ቅዳሜ

የጥር እረፍት ሊገባ ሲል የአማርኛ መምህራችን «የጉዞ ማስታወሻ ጽፋችሁ ኑ፤ ጥሩ ጥሩው በሚኒ ሚዲያ ይነበባል» አሉን። ከክፍላችን አንዷ ሐዋሳ ሄደች። አንዱ ለጥምቀት ጎንደር ወጣ። አጠገቤ የምትቀመጠው ልጅ እንኳ ቢሾፍቱ ሄዳ ሐይቅ ዳር ፎቶ ተነስታ መጣች። እኔ ደግሞ ከቁስቋም ተነስቼ ዊንጌት ደረስኩ። አትሳቁ! ሁለቱም ጉለሌ ውስጥ እንደሆኑ አውቃለሁ። ግን እስከ መጨረሻው ካነበባችሁኝ ከክፍላችን እንደኛ ሩቅ የሄደ ሰው እንደሌለ ታምናላችሁ።

እ... ማለቴ ሩቅ የሄደችው አክስቴ ናት። እኔ አብሬያት ነበርኩ።

አክስቴ የአባቴ ታላቅ እህት ናት። ስሟ አማረች ነው፤ እኛ ቤት ግን «እታለም» ነው የምንላት። አባቴ ሸማኔ ነው። እሷ ፈትሉን ትፈትላለች፣ እሱ የሸመነውን ነጠላ ዘርፉን ትቋጫለች፣ ከዚያ ሽሮ ሜዳ ሱቃችን ይዛ ወርዳ ትሸጣለች። ትሸጥ ነበር ልበል። ባለፈው ክረምት መጨረሻ ላይ ከእንጦጦ ስትመለስ የተሳፈረችበት ሚኒባስ ቁልቁለቱ ላይ ፍሬን እምቢ አለውና ቦይ ውስጥ በጎኑ ተጋደመ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ የሞተ ሰው የለም። እታለም ግን የኋላ ወንበር ላይ ስለነበረች ሁለት ወንበር መሃል ተጣብቃ ቆየች፤ በመስኮት ነው ያወጧት። ክንዷ ተሰብሮ ነበር፤ እሱስ ዳነ። ታክሲ ውስጥ ግን ከዚያ ወዲህ አልገባችም። መንገድ ላይ የታክሲ ጥሩምባ ስትሰማ ጀርባዋን ግድግዳ ላይ ትለጥፍ ነበር።

ታዲያ ዊንጌት ምን አስኬደን? ትዕግሥት የምትባል ልጅ አለች፤ ሽሮ ሜዳ ሱቃችን አጠገብ ነው ያደገችው፤ እታለም ናት መፍተል ያስተማረቻት። አግብታ ዊንጌት ገባች፣ ሴት ልጅ ወለደች፣ የልጅቷም ክርስትና እሑድ ሆነ። «ከእታለም በቀር ልጄን ማንም ክርስትና አያነሳልኝም» አለች ትዕግሥት። አማቷ ወይዘሮ ዘነበች ግን ጠንቃቃ ሴት ናቸው። «አውቃለሁ፣ ታማለች። ቅዳሜ እስኪመሽ ካልደረሰች ግን ጎረቤታችን ታንሳት፤ ልጅቷ ያለ ክርስትና እናት ቤተ ክርስቲያን አትሄድም» ብለው ላኩብን። ማን ይፈርድባቸዋል?

አባቴ «በእግር ብትሄዱስ?» አለ። እታለም መፍተያዋን አስቀመጠችና አየችው።

«ዛሬ በእግር። ለፋሲካም በእግር። ለልደቷም በእግር። የክርስትና ልጅ እኮ የአንድ ቀን አይደለችም» አለች። «በታክሲ ነው የምሄደው።»

እኛ ሁላችንም እንዳልሰማን ሆንን፤ ደስታችን አፍጥጦ እንዳያስደነግጣት።

ቁስቋም፣ ከቁርስ በኋላ

ፍርፍር በላን። አባቴ ለሕፃኗ የሸመናትን ትንሽዬ ጋቢ አጣጥፎ ለእታለም ሰጣት። ጥለቷ ቀጭን ናት፤ ቀይ፣ ቢጫ፣ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ ወይን ጠጅ። ቀለሙን የመረጠችው እታለም ናት፤ ዘርፉንም በእነዚያ እንቅልፍ አጥታ በምታድርባቸው ወራት ቋጭታዋለች። ጋቢዋን በደረቷ ይዛ፣ እኔ ደግሞ እናቴ የጋገረችውን ድፎ ዳቦ ተሸክሜ ወጣን። ድፎው ከእኔ ይከብዳል ብል ብዙም አልዋሸሁም።

የጥር ጠዋት ቁስቋም ላይ እንዴት እንደሚያምር ልንገራችሁ። ከላይ ከባሕር ዛፉ የሚወርደው አየር ጆሮ ይቆነጥጣል፤ ፀሐዩ ግን ጀርባን ይዳብሳል። ከቤተ ክርስቲያኑ ቅዳሴ የወጡ ሰዎች ነጭ በነጭ ሆነው ቁልቁል ይወርዳሉ። በር ላይ እትዬ አስካለ ይጠብቁን ነበር። እስከ ቀጨኔ ሊሸኙን ነው የመጡት። እሳቸውን በደንብ ላስተዋውቃችሁ፤ ያለ እሳቸው ይህ ጉዞ የለም።

ቁልቁለቱ፣ በእግር

አደጋው የደረሰበት ቦታ መንገዳችን ላይ ነው። ቦዩ ጋ ስንደርስ እታለም ቆመች። ውስጡ ሣር በቅሏል፤ አንዲት ፍየል ገብታ ትግጣለች።

«ይቺ ናት? ትንሽ ናት እኮ!» አለች።

«ያን ቀን ትልቅ ነበረች» አሉ እትዬ አስካለ።

ያን ቀን ቀድመው የደረሱላት እሳቸው ናቸው። የሰፈራችን እድር አባል ናቸው፤ አደጋ የደረሰበትን ሰው በመጀመሪያው ሰዓት እንዴት እንደሚያግዙት ጤና ጣቢያ ስልጠና ወስደዋል። ሰዉ ሁሉ እየጮኸ፣ አንዱ ፊቷ ላይ ውሃ ሊረጭ፣ አንዱ ክብሪት ጭሮ ሊያሸታት ሲሽቀዳደም እሳቸው ዝም ብለው አጠገቧ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ነጠላቸውን አለበሷት። «አማረች፣ አስካለ ነኝ። ከታክሲው ወጥተሻል። አምቡላንስ እየመጣ ነው። እጄን ያዢ።» በቃ፣ ይህን ብቻ ነው ያሉት። ምን ሆንሽ፣ ምን አየሽ አላሉም። ሆስፒታልም አብረዋት ሄዱ።

ቀጥሎ የመጣው የኛው የሰፈር ጣጣ ነው። እኛ ጋ ሰው ከአደጋ ሲተርፍ «እንኳን እግዚአብሔር አተረፈሽ» ለማለት የማይመጣ የለም። ደስ ይላል። ግን ሁሉም ገና ሲቀመጥ «እስቲ እንዴት ሆነ?» ይላል። እታለም ከእንጦጦ ጀምራ ትተርካለች፤ ቦዩ ጋ ስትደርስ ሌላ እንግዳ ይገባል፤ «ውይ፣ አመለጠኝ፣ እስቲ ከመጀመሪያው!» በማግስቱ ጥያቄው ሲመጣ ነጠላዋን ተከናንባ ወደ ግድግዳው ዞረች። እትዬ አስካለ እናቴን ወደ ጓዳ ጠሯት።

«ወሬውን ሌላ ሰው ያውራላት። እሷ ካልፈለገች ማንም አያስወራት። ትብላ፣ ትተኛ፣ የምትወደው ሰው አጠገቧ ይሁን» አሏት።

ያ ሌላ ሰው እኔ ሆንኩ። በር ላይ ቆሜ የሚመጣውን ሁሉ እየተቀበልኩ፣ ከእንጦጦ እስከ ቦዩ ተርኬለት ነው የማስገባው። ውስጥ ሲገባ የሚጠይቀው ነገር ስላለቀበት ስለ ዝናብ ያወራል። ስንቱን እንዳስተናገድኩ አልቆጠርኩም። ግን አንድን ታሪክ ደጋግማችሁ ስትናገሩት የቱ ጋ ሰው ትንፋሹን እንደሚይዝ፣ የቱ ጋ «እግዚኦ» እንደሚል ታውቁታላችሁ። እኔ መጻፍ እንደምችል ያወቅኩት እዚያ በር ላይ ነው። (መምህር፣ አሁን ገባዎት አይደል?)

ፍየሏ ቀና ብላ አየችን። እታለም «ነይ እንሂድ፣ ቦታዋን ይዛለች» አለችና አለፍን።

ሽሮ ሜዳ

ሽሮ ሜዳ ቅዳሜ ቅዳሜ መንገዱ ራሱ የሐበሻ ቀሚስ የለበሰ ይመስላል። ከየሱቁ ጣሪያ ነጠላው፣ ጋቢው፣ ቀሚሱ ተንጠልጥሎ በነፋስ ይወዛወዛል። እታለምን ያየ ሁሉ ከሱቁ ወጣ።

«አማረች! የት ነው? ምን ላምጣልሽ? እኔ አለሁ አይደል፣ ንገሪኝ ልሂድልሽ!»

ይኸው ደግሞ ሌላው ጣጣችን። ከአደጋው በኋላ የሰፈሩ ሰው እታለምን ለማገዝ ሥራ ተከፋፍሎ ነበር። ጥጥ የሚያመጣላት ሌላ፣ የቋጨችውን የሚያደርስላት ሌላ፣ ጤፍ የሚያስፈጭላት ሌላ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይህ ባይኖር ምን እንሆን እንደነበር አላውቅም። ግን ወሩ ወር እየወለደ ሄደ፣ ክንዷ ዳነ፣ እሷ ግን ከግቢያችን የሚያስወጣት አንድም ምክንያት አልቀረም። ሌሊት ትባንናለች፤ ቀን ላይ ፈገግ ብላ ትፈትላለች። እኛም «ተሽሏታል» እንላለን።

አልተሻላትም ያሉት አሁንም እትዬ አስካለ ናቸው። የመጀመሪያው ቀን ላይ አልቆሙም፤ በየሳምንቱ ብቅ እያሉ እንቅልፏን ይጠይቋት ነበር። አንድ ቀን «አማረች፣ የእኔ እጅ እስከዚህ ነው። ከዚህ ወዲያ የሚያውቅ ሰው አለ» ብለው ጤና ጣቢያ ወሰዷት። አማካሪዋ ሲስተር ሄለን ናት፤ ወጣት ናት፣ «አንቺ በሉኝ» ስላለችን ነው እንዲህ የምላት። እታለም በፈቀደችው መሠረት የአደጋውን ቀን ታሪክ ለሲስተሯ የነገሯት እትዬ አስካለ ናቸው፤ ስለዚህ እታለም እንደገና ከእንጦጦ መጀመር አላስፈለጋትም።

ሲስተር ሄለን እኛን ቤተሰቦቿንና ጎረቤቶቹን ሰብስባ ያለችን አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ። «ያን ጊዜ ያደረጋችሁት ልክ ነበር። ያኔ ወሬ ሳይሆን ብርድ ልብስ፣ ውሃ፣ የምታውቀው ሰው ነበር የሚያስፈልጋት። አሁን ግን ጊዜው ሌላ ነው። አሁን ራሷ በራሷ አፍ ታወራለች፣ ራሷ በራሷ እግር ትሄዳለች። እናንተ ደግሞ ትንሽ ትንሽ እያላችሁ ልቀቋት።»

ለእኛ ሰፈር ሰው «አታግዙ» ማለት «አትተንፍሱ» እንደማለት ነው። ቢሆንም ሞከርን። እታለም መጀመሪያ ሽሮ ሜዳ ጥግ ቆማ ታክሲ ማየት ብቻ ጀመረች። ቀጥሎ ሱቃችን ፊት ለፊት ጎሚስታ ቤት አለ፤ ጎማዎቹ ተፈተው ድንጋይ ላይ የቆመ ሚኒባስ ውስጥ ገብታ ፈትሏን ይዛ ትቀመጥ ነበር። የጎሚስታው ባለቤት «ሂሳብ! ወራጅ ካለ!» እያለ ያስቃት ነበር። ቀጥሎ እኔና እሷ ከሽሮ ሜዳ አንድ ፌርማታ ሄደን ወረድን። እዚያች ፌርማታ ላይ የበላነው በቆሎ በዓለም ላይ የሚጣፍጠው በቆሎ ነው።

ዛሬ ግን ሙሉ መንገድ ነው። ሁለት ታክሲ።

ባለ ሱቆቹ ከበውን እያለ እታለም እጇን ወገቧ ላይ አደረገች። «ዊንጌት ነው የምሄደው። በታክሲ። ማንም አይሂድልኝ!» አለች። ከዚያ አንዷ እልል ስትል መንገዱ በሙሉ ተቀበላት። እታለም አፍራ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች፤ ውስጥ ግን ትስቅ ነበር፣ አይቻታለሁ።

ቀጨኔ

ከሽሮ ሜዳ ወደ ቀጨኔ በውስጥ ለውስጥ ነው የሄድነው። መንገዱ ጠባብ ነው፤ አንዳንዱ ጋ ድፎውን በጭንቅላቴ ተሸክሜ በጎን ነው ያለፍኩት። ሸክላ የሚሠሩ ሴቶች ደጃፋቸው ላይ ጀበናና ድስት ፀሐይ አስመትተዋል። ቁልቁለቱ ጉልበት ያንቀጠቅጣል፤ እትዬ አስካለ «እኔ ስመለስ ዳገቱን ማን ይሸኘኛል?» እያሉ ያማርራሉ።

ታክሲ መያዣው ጋ ስንደርስ እታለም የእትዬ አስካለን እጅ ያዘች። ረዳቶቹ «አዲሱ ገበያ! አዲሱ ገበያ! የሞላ!» ይላሉ፤ ውስጡ ግን ባዶ ነው። ሁለት ታክሲ አሳለፍን። ሦስተኛው ሲመጣ እግሯ ተነሳ። ያኔ ነው ከኋላችን ጥሩምባ የተነፋው።

ጋሽ ታደለ ናቸው፤ የእድራችን ዳኛ። ያቺን ሰማያዊ ላዳቸውን አጥበው፣ ጣሪያዋን አብለጭልጨው መጥተዋል። የሲስተር ሄለንን ስብሰባ ከፊት ወንበር ተቀምጠው ነው የሰሙት። ግን አንጀታቸው አልቻለም።

«ግቢ አማረች! በር በሩ ላይ አደርስሻለሁ። ምን ያንገላታሻል?»

እታለም ላዳዋን አየች። ታክሲውን አየች። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ ወንበሩ ላይ ጋሽ ታደለ ነጭ ፎጣ ሳይቀር አንጥፈውላታል። እኔ ልናገር አፌን ስከፍት እትዬ አስካለ ክንዴን ቆነጠጡኝ፤ እስካሁን ይጠዘጥዘኛል። ላዳዋ ውስጥ ከገባች ዊንጌት ትደርሳለች፣ ልጅቷንም ታነሳለች፤ ለፋሲካ ግን አሁንም ላዳ ትጠብቃለች። ይህን አራታችንም እናውቃለን። ጋሽ ታደለም ያውቃሉ፤ ለዚህ ነው ዓይናችንን የማያዩት።

«ጋሽ ታደለ» አለች እታለም በመጨረሻ፣ «እርስዎን እምቢ ማለት እንዴት እንደሚከብድ ያውቃሉ?»

«እንግዲያው አትበይኛ!»

«ድፎውን ይውሰዱልኝ።»

«ምኑን?»

«ድፎ ዳቦውን። ታክሲ የሚፈራው እሱ ነው። እኔ እዚህች ታክሲ ውስጥ ነኝ።»

ጋሽ ታደለን ሳቅ ያዛቸው፤ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ድፎውን ከእኔ ተቀብለው ፎጣው ላይ፣ የፊት ወንበር ላይ አስቀመጡትና፣ እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ቀበቶ አሰሩለት።

እትዬ አስካለ እጃቸውን ከእታለም እጅ ቀስ ብለው አወጡ። «በይ፣ ትዕግሥትን ሳሚልኝ» አሉ። ታክሲው ሲነሳ ግን ዞሬ አየኋቸው፤ እጃቸውን በሌላው እጃቸው ይዘው እዚያው ቆመዋል።

አዲሱ ገበያ

የመጀመሪያው ታክሲ ደግ ሆነልን። በሩ አጠገብ ተቀመጥን፤ መስኮቱ ይከፈታል፤ ሾፌሩም እንደ ሽማግሌ ቀስ ብሎ ነው የሚነዳው። እታለም ጋቢዋን ጭኗ ላይ አድርጋ በአፍንጫዋ ሳብ፣ በአፏ ረዘም አድርጋ ትተነፍሳለች። አዲሱ ገበያ ስንወርድ ግንባሯ ላብ ነበር፤ ፊቷ ግን ተማሪ ቤት ሰርተፍኬት የተቀበለች ልጅ መስሏል።

«ራበኝ!» አለች።

የምስር ሳምቡሳ ገዛን፤ ትኩስ ነው፣ ቃሪያው ምላስ ያቃጥላል። እሷ ሦስት በላች። ከአደጋው ወዲህ ሦስት ነገር ስትበላ አይቻት አላውቅም።

ችግሩ ሁለተኛው ታክሲ ነው። ሰልፉ ረጅም፣ ታክሲው ጥቂት፤ ቀትር እስኪያልፍ ቆምን። ተራችን ሲደርስ ረዳቱ፣ ደረቱ ሰፊ፣ ድምፁ እንደ ነጎድጓድ የሆነ ሰውዬ፣ «ከኋላ ሁለት! ዊንጌት፣ ከኋላ ሁለት!» አለ።

ከኋላ። ያው ወንበር።

«የሚቀጥለውን እንጠብቅ?» አልኳት ቀስ ብዬ።

ሰማዩን አየች። ፀሐዩ ወደ ምዕራብ ዘንበል ብሏል። ወይዘሮ ዘነበች እስኪመሽ ነው ያሉት። እታለም ነጠላዋን አጥብቃ አደገደገች፤ እንደ ሥራ ሰው። «ቅደሚ፣ አንቺ ወደ መስኮት» አለችኝ።

እንደ ተቀመጥን በሩ ተዘጋ። ታክሲው ቁልቁለት ያዘ። ፍሬኑ ሲጢጢጢ አለ። ምንም አልሆነም፤ ያረጀ ፍሬን እንዲህ ነው። የእታለም ጣቶች ግን ጉልበቴ ላይ ተተከሉ። ዓይኗ ፈጠጠ። ታክሲው ውስጥ እንደሌለች፣ ወደዚያ ቦይ እንደተመለሰች ገባኝ።

ሲስተር ሄለን ይህን ጠብቃው ነበር። እታለምን «ከሁሉ የምታውቂው ነገር ምንድን ነው?» ብላ ጠይቃት «ቀለም» ስትላት፣ «እንግዲያው ድንጋጤው ሲመጣ የጋቢሽን ጥለት በተራ ፈልጊ፤ አሁን ካለሽበት ቦታ። ዓይንሽ እዚህ ከሆነ አንቺም እዚህ ነሽ» ብላት ነበር።

«እታለም፣ ቀይ» አልኳት።

ጣቶቿ ጉልበቴን ይበልጥ ጨመቁት።

«እታለም! ቀይ የት አለ?»

«የ... የረዳቱ ኮፍያ» አለች፤ ድምፅዋ ከሩቅ ነው የመጣው።

«ቢጫ።»

«የዚያች ልጅ ፌስታል።»

«ሰማያዊ።»

«መጋረጃው።» አሁን ዓይኗ መንቀሳቀስ ጀመረ። «አረንጓዴ... አረንጓዴ የሾፌሩ መቁጠሪያ።»

ወይን ጠጅ ጠፋ። ፈለግን፤ የለም። ፍሬኑ እንደገና ሲጢጢጢ። እታለም ጥርሷን ነከሰች። ከፊታችን የተቀመጡ ኮት የለበሱ አዛውንት ዘወር አሉ።

«ምን ጠፋባችሁ ልጆቼ?»

«ወይን ጠጅ፣ አባባ» አልኩ። ምን ልበል ታዲያ?

«መጠጡን?»

«ቀለሙን!»

ረዳቱ «ወይን ጠጅ ያለው አለ? ወይን ጠጅ፣ አንድ ሰው!» ብሎ ጮኸ፤ ልክ ወራጅ እንደሚጠራው። ሰዉ ሁሉ ልብሱን፣ ቦርሳውን፣ የጎረቤቱን ሻርፕ ማየት ጀመረ። አንዷ ሴትዮ «የእኔ ይሄ ቡኒ ነው ወይስ ወይን ጠጅ?» ትላለች። ሁለት ተማሪዎች ይከራከራሉ። በዚህ መሃል አዛውንቱ ግራ ቀኝ አዩና፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣

«እንግዲህ ምስጢር ነው» አሉ። ሱሪያቸውን ቀስ አድርገው ሰበሰቡት። ካልሲያቸው! ደማቅ፣ የሚያበራ ወይን ጠጅ! «ልጄ ናት የገዛችልኝ። እምቢ እንዳልላት ፈራሁ፤ ሰው እንዳያየው ደግሞ ሱሪዬን አስረዘምኩ።»

ታክሲው በሳቅ ሊፈነዳ ደረሰ። ረዳቱ በሩን እየደበደበ «ተገኘ! ወይን ጠጅ ተገኘ! ሾፌር፣ ንዳው!» ይላል። እታለም? እታለም ከሁሉም በላይ ነው የሳቀችው። ራሷን የፊት ወንበሩ ላይ ደፍታ፣ ትከሻዋ እየተንቀጠቀጠ። ደንግጬ «እያለቀስሽ ነው?» ስላት ቀና አለች፤ ሁለቱንም ነበር።

አዛውንቱ ለምን እንደምንፈልግ አልጠየቁም። ሲወርዱ ግን ሱሪያቸውን አልመለሱትም። ካልሲያቸውን እያሳዩ ሄዱ።

ዊንጌት

ዊንጌት ስንወርድ ፎቶ ኮፒ ቤቶቹና ትንንሽ ሱቆቹ መብራት ገና አላበሩም። ደርሰናል! ትዕግሥት ቤት በር ላይ ላዳዋ ቆማለች፤ ጋሽ ታደለ ደጃፉ ላይ ወዲያ ወዲህ ይላሉ። እታለምን ሲያዩ «ድፎው በሰላም ገብቷል፤ አንቺስ?» አሉ።

ወይዘሮ ዘነበች ወጥተው እታለምን ከእግር እስከ ራሷ አዩዋት። «በምን መጣሽ?»

«በታክሲ። በኋላ ወንበር።»

ሴትዮዋ ወደ ውስጥ ገብተው ሕፃኗን አመጡና እታለም ክንድ ላይ አስቀመጧት፤ በዚያው ተሰብሮ በዳነው ክንድ። ለጎረቤታቸውም «አንቺ ነገ ወጡን ነው የምትሠሪው» አሏት። ጉዳዩ በዚህ አለቀ።

እራት ከተበላ በኋላ ግን የፈራሁት መጣ። ዘመድ አዝማድ ተሰብስቧል። አንዷ ሴትዮ ጠጋ አለችና «እንኳን እግዚአብሔር አተረፈሽ እህቴ! እስቲ እንዴት ሆነ?» አለች። እኔ ወዲያው ተነሳሁ። ጉሮሮዬን ጠረግኩ። ልማድ ነዋ! «ከእንጦጦ ስትመለስ...» ብዬ ልጀምር ስል፣

«ተይ ናርዲ» አለች እታለም። «ዛሬ የማወራው እኔ ነኝ።»

ተቀመጥኩ። ሕፃኗን ታቅፋ፣ የጋቢዋን ዘርፍ በጣቷ እየነካካች አወራች። አንዴ ብቻ ቆመች፤ ውሃ ጠጥታ ቀጠለች። ያን ታሪክ ስንት ጊዜ ተናግሬዋለሁ፣ ለካ የማላውቀው ነበረው! «አስካለ እጄን ስትይዘኝ» አለች፣ «የእሷም እጅ ይንቀጠቀጥ ነበር። እኔ ብቻ አይደለሁም የፈራሁት ብዬ ያኔ ተነፈስኩ።» ይህንን ከበሩ ላይ ቆሜ ለማንም ነግሬ አላውቅም።

ደግሞም ቦዩ ጋ አላቆመችም። እኔ ሁልጊዜ የማቆመው እዚያ ነበር፤ «በመስኮት አወጧት» ብዬ። እሷ ግን አለፈችው። ጤና ጣቢያው ጋ ሄደች፣ ጎማ የሌለው ታክሲ ውስጥ ተቀመጠች፣ ድፎ ዳቦ ላዳ ውስጥ ጫነች። ካልሲው ጋ ስትደርስ ወይዘሮ ዘነበች ሳቃቸውን መቆጣጠር አቅቷቸው ትሪ ጣሉ። ሕፃኗ ነቃች። እታለም «የእኔ ወይን ጠጅ» ብላ ሳመቻት።

እሑድ፣ ወደ ቤት

በማለዳ ልጅቷ ተጠመቀች። ውሃው ሲነካት በጩኸት ቤተ ክርስቲያኑን ሞላችው፤ እታለም ቅባ ቅዱሱን የተቀባችውን ልጅ በአባቴ ጋቢ ጠቅልላ፣ ማተቧን አሳስራ ወጣች። ክርስትና ስሟ ወለተ ማርያም ሆነ። ዶሮው፣ ጠላው፣ ጭፈራው ለሌላ ማስታወሻ ይበቃል። ስንመለስ ጋሽ ታደለ ላዳቸውን አስነሱና «ግቡ» ሳይሉ፣ «የሚጫን ዕቃ አለ?» አሉ። እኔ እንደ ኮራሁባቸው አልነገርኳቸውም፤ እዚህ ካነበቡት ይወቁት። በሁለት ታክሲ ተመለስን፤ በኋለኛው ላይ እታለም እንቅልፍ ወሰዳት። ታክሲ ውስጥ! እንቅልፍ!

ጉዞ ምን አስተማረሽ ብለው መምህር መጠየቃቸው አይቀርም። ይኸው። እትዬ አስካለ ያን ቀን ድንጋዩ ላይ ባይቀመጡ ኖሮ እታለም ሲስተር ሄለን ዘንድ የምትደርስበት አቅም አይኖራትም ነበር። እትዬ አስካለ ላይ ቢቆም ኖሮ ደግሞ እስካሁን ግቢያችን ውስጥ እየፈተለች፣ እኛም ተሽሏታል እያልን ነበርን። አንዷ ያዘቻት፣ ሌላዋ አስኬደቻት። ትልቁ ነገር ግን ሁለቱ መተዋወቃቸው ነው።

ቤት ስንደርስ ግቢው በሰው ሞልቷል። የሽሮ ሜዳ ባለ ሱቆች፣ ባለ ጎሚስታው፣ ከዳገቱ የተረፉት እትዬ አስካለ። ሁሉም እንደ ልማዳቸው በር ላይ ከበቡኝ። «ናርዲ! እስቲ እንዴት ሆነ? ከመጀመሪያው!»

«ውስጥ ናት» አልኳቸው። «ራሷን ጠይቋት።»

ገቡ። ትንሽ ቆይቶ የእታለም ድምፅ በመስኮት መጣ፤ «...ሰውየው ሱሪውን ሰብሰብ ሲያደርግ...»፤ ከዚያ ቤቱ በሳቅ ተናጋ። እኔ ደግሞ በሩ ላይ ሥራ ስላልነበረኝ ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ ይህን ጻፍኩ።